ቁልፍ እና የሰሊጥ አገዳ

ተጠራጣሪ ሆኜ ነው የተወለድሁት። ሰው «እንደምን አደርህ» ሲለኝ፣ ከመመለሴ በፊት ለምን እንደጠየቀኝ አስባለሁ። በደርግ ዘመን መተማ ዮሐንስ ያደገ ሰው ሁሉ ትንሽ ትንሽ እንዲህ ነው፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ። ማዶ የሱዳን ገላባት፣ ወዲህ ኬላ፣ መሀል ላይ ደግሞ ማን ለማን ወሬ እንደሚያቀብል የማይታወቅ ሰፈር ነበር የኛ። የእኔ ጥርጣሬ ግን ከጎረቤቶቼም የባሰ ነው። ከኬላ ጠባቂውም ከቀበሌውም ይልቅ የምጠረጥረው አንድ አነጋገር ነበር፤ «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» የሚለው።

ልብ ብዬ አይቻለሁ፤ ይህን የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ የሚሸሽገው ነገር አለው። ጠጥቶ የጭነት መኪናውን ገደል የከተተ ሾፌር የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው ይላል። ልጁን ለማትወደው ሰው የዳረ አባት፣ ልጅቱ ስታለቅስ፣ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው ይላታል። ጎረቤቱን አስጠቁሞ ስኳሩን ያስወረሰ ነጋዴም ሊያጽናናው ሲሄድ ይህንኑ ይዞ ይሄዳል። እግዜር መቼም አልነበርሁበትም ብሎ አይከራከርም፤ የጫኑበትን ሁሉ ዝም ብሎ ይሸከማል።

እናቴ ደግሞ ይህ አነጋገር ከአፏ አይጠፋም ነበር። ወባ ሲይዘንም፣ ዝናቡ ሲዘገይም፣ ሰሊጡን ተባይ ሲበላውም የምትለው ያው ነው። ልጅ ሆኜ አልከፋኝም። ስለ እኔ ስትለው ግን ለዓመታት አንጀቴን አሳረረችው። አሳልፋ የሰጠችኝ እሷ መሆን አለመሆኗን ማወቅ ነበር የምፈልገው፤ ሌላ ምንም አልፈልግም ነበር።

ሁለት ወንድማማቾች ነን። እናትና አባቴ ተጋብተው ከደጋ ቆላ ከወረዱ በኋላ ለብዙ ጊዜ ልጅ አጡ። ሰው ቆላው ማህፀኗን አደረቀው ማለት ሲጀምር፣ እናቴ በእግሯ ደጋ ድረስ ወጥታ ተሳለች። ወንድሜ ተወለደ። እናቴም ለቤተ ክርስቲያኑ ጥላ አስገባች። ወንድሜ እንግዲህ የስለት ልጅ ነው። የስለት ልጅ ባለበት ቤት የተወለደ ሰው የምለው ይገባዋል፤ ትኩሳት ሲነሳ መጀመሪያ የሚዳበሰው የእሱ ግንባር ነው፤ ከዛፍ ሲወድቅ የሚጮኸው ጩኸት ሌላ ነው። እኔ ማንም ሳይጠራኝ ከሁለት ዓመት በኋላ መጣሁ። ለእኔ የገባ ጥላ የለም።

በዚህ ቀንቼ ነበር ብል ውሸት ነው፤ ወንድሜን ማንም አይጠላውም። አፉ ቁጥብ፣ ክንዱ ብርቱ ነበር። አባቴ ጆንያ ሲጭን ወገቡ ከተቀጨ ወዲህ እርሻው በወንድሜ ላይ ወደቀ፤ ማረሙም፣ ማጨዱም፣ ሰሊጡን አስሮ ማቆሙም። እኔ ትምህርት ቤት እመላለሳለሁ፣ ላምባ አመጣለሁ፣ መልስ እሰጣለሁ። እናቴ ምላሴን ወደ ሰሊጥ ብንለውጠው ጎተራው ይሞላ ነበር ትለኝ ነበር።

ያን ዓመት ሰሊጡ ታስሮ ሜዳው ላይ ቆሞ ሳለ የቀበሌው ሊቀመንበር ቤታችን መጣ። ብሔራዊ ውትድርና ታውጇል፤ ሁለት ለአቅመ ውጊያ የደረሱ ወንዶች ያሉት ቤት አንዱን ይሰጣል አለ። ማን እንደሚሄድ ቤተሰቡ እስከ ቅዳሜ ይወስን፤ ካልወሰነ ሁለቱም ይጫናሉ። አባቴ ከሁለት ዐይኔ የትኛውን አውጣ ትሉኛላችሁ ብሎ ጠየቀው። ሊቀመንበሩ ራሱን አከከና፣ እንደ ቅርጫችሁ ዕጣ ጣሉ አለው። ይህ ሰው እሑድ እሑድ ሰብስቦን ፈጣሪ የሚባል ነገር እንደሌለ ያስተምረን ነበር። ለስብሰባ የሌለውን አምላክ ለሥራ ጊዜ ጠራው። እኔ ያን ጊዜም ሳቄ መጥቶ ነበር፤ አባቴ በዐይኑ ገሠጸኝ።

ለምን አልሸሻችሁም የሚል ይኖራል። ገላባት ቅርብ ነው፤ የእነሱ ዶሮ ሲጮህ እኛ እንነቃለን። ነገር ግን ሊቀመንበሩ አባቴን ዋስ አስፈርሞት ነበር። ከሁለታችን አንዱ ከጠፋ አባቴ እስር ቤት ይገባል፤ በዚያ ወገቡ ደግሞ የእስር ቤት ሲሚንቶ ላይ ተኝቶ እንደማይነሳ ሁላችንም እናውቃለን። እኔና ወንድሜ ማዶውን እያየን ተቀመጥን እንጂ ስለ መሸሽ አልተነጋገርንም።

ቅርጫ ያረደ ሰው ዕጣውን ያውቀዋል። በበዓል ጎረቤት ተባብሮ በሬ ይጥላል፤ ሥጋው በየመደቡ ይቀመጣል። ከዚያ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ምልክት ያመጣል፤ አንዱ ጠጠር፣ አንዱ የእንጨት ስባሪ፣ አንዱ ቅጠል። ምልክቱ የማን እንደሆነ ያላየ ሰው ከውጭ ይጠራና በየመደቡ ላይ ይጥለዋል። የወደቀልህ ድርሻህ ነው። አጥንት ቢበዛበትም ማጉረምረም ነውር ነው፤ ሰው ሳይሆን ዕጣ ነዋ የሰጠህ። ለሥጋ የሚበቃው ለሰውም ይበቃል ተባለ። የነፍስ አባታችንም ተጠይቀው፣ ሐዋርያትም ዕጣ ጥለዋል፣ ጸልያችሁ ጣሉ፣ የወጣው የእሱ ፈቃድ ነው አሉ። እናቴ በዚያው ቀን ጾም ያዘች።

የቀረው ዕጣ የሚያወጣውን ሰው መምረጥ ነበር። እዚህ ላይ ጠባዬ ገንፍሎ ወጣ። አባቴ ጎረቤት ሲጠራ፣ ያ ወንድሜን ያፈቅረዋል አልሁ። ዘመድ ሲጠራ፣ ያ እኔን አይወደኝም አልሁ። ሁሉንም ጥዬ ጥዬ በመጨረሻ ባለሱቋን አልሁ። ባለሱቋ ከሰፈራችን ራስጌ ሱቅ የነበራቸው ባላቸው የሞተባቸው እስላም ናቸው፤ የእናታቸው ወገን ከማዶ ነው። ስኳር ሲመዝኑ ለእህታቸው ልጅ እንኳ አንዲት ፍሬ አይጨምሩም፣ ለጠላታቸውም አይቀንሱም። ዘመዳችን አይደሉም፣ ፈጣሪያቸውን ይፈራሉ። አባቴ እሺ አለ። እናቴ እሺ አለች። ወንድሜም ራሱን ነቀነቀ። በዚያ ቤት ሁላችንም በአንድ ቃል የተስማማንበት ነገር ያ ብቻ ነበር። ሁሉም የሚያምነው ሰው ዘንድ ሁሉም እንደሚሄድ ግን አላሰብሁም።

ቅዳሜ ጠዋት ምልክት አወጣን። እኔ የሸሚዜን ቁልፍ በጥሼ ሰጠሁ። ወንድሜ ከደጅ የሰሊጥ አገዳ ሰበረና እንደ ጣት ያህል ቁራጭ አመጣ። አባቴ ሁለቱን ሁላችንም እያየን ጣሳ ውስጥ ከተተና በጨርቅ ሸፈነው። ምልክቱ የወጣበት ይሄዳል። ባለሱቋ የቀትር ሶላታቸውን ሰግደው፣ ሱቃቸውን ዘግተው ይመጣሉ ተባለ።

ጣሳውን ማንም እንዳይነካው እኔ አጠገቡ ተቀመጥሁ። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ጨው ልግዛ ብላ ወጣች። ሌላ ሰው ቢሆን አይታወቀውም ነበር፤ እኔ ግን የጨው ዕቃችን ሙሉ መሆኑን አውቃለሁ፤ ሐሙስ ዕለት የሞላሁት እኔው ነኝ። ስትመለስ ጨው ይዛለች። ዕቃው አልበቃ ብሎ በቅል አስቀመጠችው። ዐይኗን ፈለግሁት፣ አልሰጠችኝም። አባቴም በዚያው መሀል አህያዋን ሊያጠጣ ወጥቶ ተመለሰ፤ ወንድሜ ከግቢው አልወጣም። እኔ ጣሳውን ስጠብቅ ዋልሁ።

ባለሱቋ መጡ። እጃቸውን ታጠቡ፣ በስመላህ አሉ፤ እናቴ አማተበች። ጨርቁ ሥር እጃቸውን ሲከቱ ዐይናቸው ከጣሪያው ላይ ነበር። እጃቸው ቆየ። ከሁለት ነገር አንዱን ለማንሣት ያን ያህል መቆየት ምን ያስፈልጋል አልሁ በልቤ። ከዚያ እጃቸው ወጣ፤ መዳፋቸው ላይ ቁልፌ ነበረች።

ባለሱቋ ገና አፋቸውን ከፈት ከማድረጋቸው፣ እናቴ «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» አለች።

ፈጠነችብኝ። እናት ልጇ ሲወጣባት ቢያንስ አንዴ ትደነግጣለች እኮ። የእኔ እናት ቃሉን አዘጋጅታ የያዘችው መሰለኝ። እንባ የሚባል አላየሁባትም። አባቴ ግን ተነሥቶ ወጣ፤ ከቤቱ ጀርባ ሲያስመልሰው ሰማሁ።

መኪናው ላይ በተጫንን ዕለትም እንዲሁ ሆነ። አባቴ በሰው ፊት ጮኾ አለቀሰ፤ ወንድ ልጅ እንዲህ አያለቅስም ብለው ያዙት። ወንድሜ የመኪናውን ጎን ይዞ እስኪነሳ ድረስ አልለቀቀም። እናቴ ዐይኗ እንደደረቀ ዳቦ ቆሎ የተሞላ ከረጢት አቀበለችኝና ያንኑ ቃል ደገመችልኝ። አንገቴን አዙሬ አልሳምኋትም። ከመተማ እስክንወጣ ድረስ የማየው የአባቴን እንባና የእናቴን ደረቅ ዐይን ነበር። ለእኔ የሆነው ማን እንደሆነ በዚያው ፈረድሁ።

ስለ ሰሜኑ ጦርነት የምጽፈው ብዙ አይደለም፤ ከእኔ ይልቅ ያዩ ጽፈውታል። እኔ ምሽግ ውስጥ ሆኜ የማስበው ስለ ጨው ነበር። ሌላው ወታደር እናቱን ሲናፍቅ እኔ የእናቴን መንገድ እለካለሁ፤ ከቤት እስከ ሱቅ፣ ከሱቅ እስከ ቤት፣ ምን እንዳለቻቸው፣ እንዴት እንዳለቻቸው። ቁልፏን አንሡልኝ ብላ ይሆን? ወይስ አገዳውን ተዉልኝ? የስለት ልጅ ለመንግሥት አይሰጥም፤ የተሰጠው ለእግዜር ነው፤ ትርፉ ልጅ ይሂድ። እንዲህ እያልሁ በእሷ ፋንታ ስሟገትላት እውላለሁ። ደግሞ አንዳንዴ፣ ምናልባት እውነት ዕጣው ይሆናል እላለሁ። ያ ይብስብኝ ነበር። እናቴ ከሆነች እናደድባታለሁ፤ እግዜር ከሆነ ማንን ልናደድ?

በኋላ ጉልበቴ ላይ ተመታሁ። ጦር ሆስፒታል ከርሜ፣ እግሬ አልታጠፍ እንዳለ፣ በምርኩዝ ወደ ቤቴ ተሰናበትሁ። መንግሥቱ ገና ያው ነበር፤ ሊቀመንበሩ ግን ተለውጧል። ወንድሜ አግብቶ ወደ አብርሃ ጅራ ሄዷል፤ ትራክተር ላይ ይሠራል፤ ለቤቱ የሚልከው እሱ ነው። መጣሁ ሲባል በጭነት መኪና ተሳፍሮ መጥቶ አንገቴን አንቆ ሳመኝ፤ እግሬን ማየት አልቻለም።

እናቴ ጉልበቴን ሳመችው። ከዚያ ቀና ብላ «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» አለች። በምርኩዜ መሬቱን ወጋሁና፣ ፈቃዱ ጨውም ይጨምራል ወይ አልኋት። ያልሁትን የሰማች አልመሰለችም፤ ፊቷ ግን ተለወጠ። እኔም በልቤ፣ ያዝሁሽ አልሁ።

ከዚያ ወዲህ ያለው ኑሯችን ለውጭ ሰው ደግ ይመስል ነበር። እናቴ የወጡን ምርጥ ምርጥ ለእኔ ታወጣለች፤ ውሃ አሙቃ እግሬን ታሸዋለች። በበዛልኝ ቁጥር ካሳ ይመስለኛል። ያልበደለ ሰው እንዲህ አይክስም እላለሁ። ከአባቴ ጋር ግን ሰላም ነበርሁ። ዳሱ ሥር አብረን እንቀመጣለን፤ እሱ ገመድ ይገምዳል፣ እኔ ቃጫውን አቀብለዋለሁ። አንድ ቀን ጥርጣሬዬን ነገርሁት። ስለ ጨው፣ ስለ ባለሱቋ እጅ፣ ስለ እናቴ ዐይን። ከገመዱ ላይ ቀና ሳይል፣ ተው፣ እናትህን አትጠርጥር አለኝ። ደግነቱ ነው ብዬ ይበልጥ ወደድሁት።

በመጨረሻ ባለሱቋ ዘንድ ሄድሁ። ቀትር ነበር፤ ሙቀቱ መንገዱን ባዶ አድርጎታል። ባለሱቋ ዐይናቸው ደክሟል፣ ጣቶቻቸው ተቆላልፈዋል፤ ሱቁን የእህታቸው ልጅ ነው የሚይዘው። እሱ ለመስገድ ሲወጣ እኔ ጆንያው ላይ ተቀመጥሁ።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ እንዳይዋሹኝ» አልኋቸው።

«ለስኳር ያልዋሸሁ ላንተ ልዋሽ?»

ያን ቅዳሜ ጠዋት እናቴ መጥታ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። መጥታለች፣ ጨው ገዝታ ሄደች አሉ። ቤት ጨው ሞልቶ ነበር አልኋቸው። መክቱብ ነው አሉ፤ ተጽፎ ያደረ ነው ማለታቸው ነው። እናቴም ይህንኑ በአማርኛ ትለኛለች፣ እኔ የመጣሁት ከሱ ሌላ ነገር ልሰማ ነው አልሁ። ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሯል፤ እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኙኝ።

«እናትህ ጨው ገዛች» አሉ። «አባትህስ ምን እንደገዛ ታውቃለህ?»

አልገባኝም። አባቴ አህያ ነው ያጠጣው አልሁ።

«የባትሪ ድንጋይ ገዛ። እናትህ በፊት በር ስትወጣ በጓሮ በር መጣ።»

ከዚያ ነገሩኝ። እናቴ እጃቸውን ይዛ፣ ቁልፏ የታናሹ ናት፣ በልጆችዎ ሞት እጅዎ እንዳይነካት ብላ ለመነቻቸው። እሷ እንደወጣች አባቴ ገባ። ወገቤን ያዩታል፣ ትልቁ ከሄደ ቤቴ ይፈርሳል፣ አገዳውን ይተዉልኝ አለ። ሁለቱም ለማንም እንዳይናገሩ በፈጣሪ ስም ተማጠኗቸው። አንዱ የሌላውን መምጣት አያውቅም።

እናቴ የለመነችው ለእኔ ነው። ይህን ሁለት ጊዜ አስደገምኋቸው። ሦስተኛ ልጠይቅ ስል «ሐላስ፣ በቃ፣ ሰምተሃል» አሉኝ።

«ታዲያ እርስዎ ምን አደረጉ?»

ወደ ቤታችን ሲመጡ መንገዱን ሙሉ ሲያስቡ እንደመጡ ነገሩኝ። እናትን ቢሰሙ አባትን መበደል ነው፤ አባትን ቢሰሙ እናትን። ሁለቱንም አንድ ላይ አውጥተው መሬት ላይ ሊጥሉና፣ ይህ ዕጣ ተበላሽቷል፣ እናንተው ተነጋገሩ ሊሉ ወሰኑ። ጣሳው ውስጥ ሁለቱንም ጨብጠው ነበር። እጃቸው ሲወጣ ግን አገዳው ሾልኮ ተመልሶ ወደቀ፤ ቁልፏ መዳፋቸው ላይ ቀረች። ያን ጊዜም ጣቶቻቸው እንዲሁ ተቆላልፈው እንደነበር አሳዩኝ።

«ወላሂ ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር» አሉ። «እናትህ ቀደመችኝ። እናቱ የፈጣሪ ፈቃድ ነው ካለች እኔ ማን ነኝ፣ ያ ወለዲ፣ ልጄ?»

በመንገድ ስመለስ እሳቸውንም ጠረጠርኋቸው፤ ጠባዬ አይለቀኝም። አገዳው እውነት ሾልኮ ነው? ወይስ አባቴን ሰምተው አሁን ጣታቸው ላይ ያሳብባሉ? የሚያውቅ የለም። እናቴ ግን እንደ ጠረጠርኋት አልሆነችም። እሱን ሳስብ እግሬ ሄደልኝ፤ ምርኩዙን የረሳሁት እስኪመስለኝ።

ግቢ ስገባ እናቴ ሰሊጥ ታበጥራለች። አባቴ ዳሱ ሥር ገመዱን ይገምዳል። አጠገቧ መሬት ላይ እግሬን ዘርግቼ ተቀመጥሁ።

«እማዬ፣ ያን ዕለት የሄድሽው ለጨው አይዶለም» አልኋት።

ሰፌዱ ቆመ።

«ለእኔ ነው የለመንሽው።»

«ዝም በል፣ ይሰማል» አለችኝ በሹክሹክታ። አባቴን ያለች መስሎኝ ነበር፤ ዐይኗ ግን ወደ ላይ ነበር።

ለምን ለእኔ ሆነ፣ የስለት ልጅሽ እሱ አይዶል ወይ አልኋት። እንደ ሞኝ አየችኝ።

«ስለዚህ ነዋ። እሱ ተለምኖ የመጣ ነው፤ የሰጠኝ ይጠብቀዋል። ላንተ ግን የለመነ የለም። እኔ ካልለመንሁልህ ማን ሊለምንልህ ነው?»

ሰፌዱን ጉልበቷ ላይ አሳረፈች። ቀስ እያለች ነገረችኝ። እግዜርን መለመን ሲገባት ሰው ለመነች። ጾማ፣ ጸልያ፣ ዕጣውን ለእሱ ሰጥታ ስታበቃ ተመልሳ እጇን ከተተችበት። ቁልፏ ስትወጣ፣ ይህ ለእኔ የመጣ ቁጣ ነው ብላ አወቀች። ቶሎ ፈቃድህ ነው ያለችው ይቅር እንዲላት ነው። መኪናው ጋ ያላለቀሰችውም ሌባ ተይዞ አያለቅስምና ነው፤ አሁንም ታማርሪያለሽ ብሎ የቀረውን እንዳይወስድብኝ ፈራሁ አለችኝ። ጉልበቴን ስታየው የቀረውን የወሰደው መስሏት ነበር።

«ባልሄድ ኖሮ ይተውህ ነበር» አለች። «አንተን እዚያ የሰደድሁህ እኔ ነኝ።»

ያን ሁሉ ዓመት የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው ስትለኝ የምትናገረው ለእኔ አልነበረም። ለእሱ ነበር፤ ትማጸነው ነበር። እኔ ደግሞ ጨው እያልሁ ቁስሏ ላይ ስነሰንስ ከርሜያለሁ።

አንድ ቃል ቢነገራት ነጻ ትወጣ ነበር። እግዜር አልተቆጣብሽም፣ አባታችንም ሱቅ ሄዷል፣ ልመናሽን ያፈረሰው የእሱ ልመና ነው የሚል ቃል። ግን ያ ቃል ዳሱ ሥር ገመድ ይገምዳል። ስንት ዓመት የበደለኝን ሰው ስፈልግ ኖሬ፣ አሁን ሳገኘው አፌ አልከፈት አለ። ያለቀሰልኝ እሱ ነው። እሱን ደግሞ እወደዋለሁ። ቀና ብዬ አየሁት። ገመዱ በእጁ ላይ ተፈትቶ ወርዷል።

«እኔም ሄጃለሁ» አለ አባቴ።

እናቴ አልገባትም። «የት?»

«ሱቁ። ካንቺ በኋላ። እኔ የለመንሁት ለትልቁ ነው። የተቆጣብሽ የለም። እኔ ነኝ።»

እናቴ መጀመሪያ እሱን አየችው፣ ቀጥላ እኔን። ይህን ታውቅ ነበር ወይ ብላ ጠየቀችኝ፤ ዛሬ ነው የሰማሁት አልኋት። ሰፌዱ ከጉልበቷ ተንሸራቶ ሰሊጡ መሬት ላይ ፈሰሰ። አንዲት ፍሬ ስትወድቅ ጎንበስ ብላ የምትለቅመው ሴት ዐይኗን ወደዚያ አላደረገችም። ጉልበቴን በሁለት እጇ አቅፋ ጮኸች። ልጄን፣ ልጄን እያለች፣ ያን ዕለት መኪናው ጋ ልትጮኸው ይገባ የነበረውን ጩኸት ነበር የምትጮኸው። እግሬ ገና ዛሬ የተመታ፣ እኔም ገና ዛሬ የተጫንሁ ይመስል ነበር። ጎረቤት ሰው የሞተ መስሎት እየሮጠ ወደ ግቢው ገባ። ማን ሞተ፣ ማን ሞተ ይላሉ።

እኔ ጭንቅላቷን ያዝሁ። አባቴ ሊያባብላት ብድግ ብሎ ወደ እኛ መጥቶ ነበር። አጠገባችን ሲደርስ ግን እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋውና እዚያው ቆመ።